ሰንበትና ኳስ በሸርቆሌ

ነፍስ ለፈጣሪዋ የምታቀርበው አገልግሎትና ሥጋ በሜዳ ላይ የሚያደርገው ሩጫ ባላንጣዎች ናቸው ወይስ ከአንድ ማዕድ የሚቈርሱ ወንድማማቾች የሚለውን ጥያቄ የሰማሁት በሊቃውንት ጉባኤ አይደለም፤ በሸርቆሌ፣ በአንድ የወንጌል አገልጋይ ቤት፣ በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አፍ ነው። ልጁም ቢሆን ጥያቄውን በቃል አልጠየቀም። ገንፎው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ወደ አባቱ ሳያይ፣ «አባዬ፣ የነገው ጨዋታ ጧት ነው» አለና ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል ባይጨምርም፣ ለብዙ መቶ ዓመታት አበው የተከራከሩበት ነገር ሁሉ በዚያች ዝምታ ውስጥ ነበረ።

ሸርቆሌ ከአሶሳ ወዲያ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ በሚያዘቀዝቀው ቆላ፣ ቀርከሃና ማንጎ በሚበዛበት ምድር የሚገኝ አገር ነው። ባለአገሩ በአብዛኛው የቤርታ ወገን ሆኖ በእስልምና ሃይማኖት የጸና፣ ማሽላ ዘርቶ፣ ከወንዝ አሸዋም ወርቅ አጥቦ የሚኖር ሕዝብ ነው። በሸርቆሌ ስም የሚጠራው የስደተኞች መጠለያ በ1989 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ፣ በመጀመሪያ ከሱዳን፣ ቀጥሎም ከደቡብ ሱዳንና ከታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የተሰደዱ ሰዎች እዚያ ተጠልለዋል፤ በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ በሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት ሲነሣ፣ እንደ ገናም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ያች አገር በመላዋ ስትታመስ፣ በቁርሙክ በኩል እየተሻገረ የመጣው ሕዝብ ብዙ ነበር። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ከቀትር በኋላ በአንዲት ኳስ ዙሪያ የሚሰበሰቡ ልጆች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ልዩ ልዩ፣ የሚጸልዩበትም ቀን ልዩ ልዩ ነው።

እኔ በመምህርነት በዚያ በቆየሁበት ጊዜ የተከራየኋት ክፍል ከአንድ ቄስ ቤት ጋር በአንድ ግቢ የምትገኝ ነበረች። ቄሱ የወለጋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ በቀርከሃ ተማግራ በጭቃ የተመረገች አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ያገለግሉ ነበር፤ እኔ ግን ያደግሁት በጥንታዊቱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ በፊደል ገበታና በዳዊት ነው። ይህ ልዩነት በመካከላችን ክርክርን እንጂ ጠብን አላመጣም። ቤተሰቡ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ አባት መዝሙረ ዳዊት ያነባሉ፣ እናት እሳቱን ቆስቁሰው ከጓዳ ሆነው «አሜን» ይላሉ፣ ልጆቹም ጸሎቱ እንዳበቃ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ውኃ ይሮጣሉ። ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ሰዓት ሁሉ የኳስ ነበር።

ያችን ኳስ በቅርብ አይቻታለሁ። ውስጧ የተጨማደደ ፌስታልና የአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ፣ ላይዋ ያለቀ የአዋቂ ካልሲ፣ ዙሪያዋም በሲባጎ የተጠፈረ ነበረች። አንድ ቀን የካልሲው አፍ ተተርትሮ ልጆቹ በሐዘን ተቀምጠው ሳለ እናትየው መርፌያቸውን አምጥተው ጠቀሙት፤ በመርፌው ላይ የነበረውም ክር ያን ዕለት ጧት የአትሮኖሱን ልብስ የዘመዘሙበት ነጭ ክር ነበር። እሳቸው ይህን ሲያደርጉ ምንም አልተናገሩም፤ ምሥጢር የገለጡም አልመሰላቸውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቅዱሱና ዓለማዊው የሚለያዩበትን ድንበር ስፈልግ ያ ነጭ ክር ይታየኛል።

እርግጥ ነው፣ ጨዋታን በጥርጣሬ የሚያይ የአበው ድምፅ አለ፤ ይህም ድምፅ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ጨዋታ ጊዜን ይበላል፣ ፉክክርን ይወልዳል፣ ፉክክርም ቁጣን፣ ቁጣም መሐላን ያመጣል፤ ሥጋም ሲጠነክር ለነፍስ መታዘዝን ይረሳል ይላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ ሥጋን ማልመድ የሚጠቅመው ለጥቂት ነገር እንደ ሆነ አስታውሶታል። ነገር ግን ያው ሐዋርያ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት የክርስቲያንን ሕይወት በሩጫ ሜዳ መሰለው፤ ምሳሌውንም ከሩቅ አላመጣውም። ቆሮንቶስ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ውድድር የሚደረግባት አውራጃ ስለ ነበረች፣ አሸናፊው ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ሲደፋ፣ አክሊሉም ከቀናት በኋላ ሲጠወልግ አንባቢዎቹ በዓይናቸው ያዩት ነገር ነበር። ሯጭ ለሚጠወልግ ቅጠል ይህን ያህል ራሱን ከገዛ፣ ለማይጠወልገው የሚሮጥማ ምን ያህል ሊገዛ ይገባው ይሆን፤ የምሳሌው ኃይል በዚህ ላይ ነው። ሐዋርያው ሜዳውን ቢንቅ ኖሮ ለመንግሥተ ሰማያት ምሳሌ አድርጎ ባልመረጠው ነበር።

የእኛም ቋንቋ ይህንኑ ይመሰክራል። የቅዱሳንን ዜና ሕይወት የምንጠራበት «ገድል» የሚለው ቃል በግእዝ መታገልን፣ መወዳደርን፣ ለድል መድከምን የሚያመለክት ነው፤ ጻድቁን «ተጋዳይ» ስንል በጥንተ ትርጓሜው በውድድር ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ማለታችን ነው። በዓለ ልደትም ሲደርስ ገበሬው ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሩር ሲያሯሩጥ የሚውልበት የገና ጨዋታ፣ እረኞች የጌታን መወለድ ሰምተው በደስታ ከተጫወቱት እንደ መጣ አባቶቻችን ይተርኩልናል፤ በዚያም ቀን ሎሌ ጌታውን ቢመታው ጌታ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዛል። ልደት የቃል ሥጋ መሆን ነው፤ ቃል ሥጋ በሆነበት ቀን ሥጋ በደስታ ቢዘልል ምን ያስገርማል? መለኮት የተዋሐደውን ሥጋ «ከንቱ» ብሎ መጥራት የሚቻለው ምሥጢረ ሥጋዌን ለረሳ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ ለቄሱ ባቀረብሁላቸው ማታ፣ እሳቸው ከራሳቸው ወገን ምስክር አመጡልኝ። በወለጋ ቦጂ የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በግንቦት 1964 ዓ.ም. ጄኔቫ ወደሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ደብዳቤው ለልማት የሚሰጠው እርዳታና ለወንጌል ስብከት የሚሰጠው እርዳታ መለያየቱን የሚቃወም ሲሆን፣ ሰው ሥጋው ለብቻ ነፍሱም ለብቻ የሚረዳ ፍጥረት እንዳልሆነ፣ አገልግሎትም ሁለንተናውን መያዝ እንዳለበት የሚያስረዳ ነበር። ይህ ትምህርት በቄስ ጉዲና ቤት በመከራ ተፈትኗል። እሳቸው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት በእስር ማቀቁ። ነፍስን ብቻ የሚፈልግ እምነት ቢሆን ኖሮ ሥጋቸውን ያሰሩትን ሰዎች ይህን ያህል ባላስፈራቸው ነበር። ቄሱ ይህን ከተናገሩ በኋላ በግቢው ውስጥ ወደሚንከባለሉት ልጆቻቸው እያዩ፣ «ሁለንተና ካልን እንግዲህ እግርም አለበት» አሉኝ።

ነገር ግን ጨዋታ የተፈቀደ ነው ማለት ለእኔ አይበቃኝም፤ እንዲያውም በአገልጋይ ቤት ጨዋታ ከስብከት የማይገኝ አንድ ነገር ያስገኛል ባይ ነኝ። የቄስ ልጅ ከልደቱ ጀምሮ የሚኖረው በሰው ዓይን ሥር ነው። ጸሎት ቢያደርስ «የቄስ ልጅ አይደል» ይባላል፤ ቢሳሳትም «የቄስ ልጅ ሆኖ» ይባላል፤ ስለዚህ ደግነቱ የራሱ ይሁን የአባቱ ካባ ጥላ ይሁን እሱም ራሱ ለይቶ አያውቀውም። በሜዳ ላይ ግን ኳሷ የማንንም አባት አታውቅም። ሕግ አስከባሪ ወታደር በሌለበት ለሕግ መገዛት፣ ተሸንፎ የአሸናፊን እጅ መጨበጥ፣ ማንም ያላየውን በደል ከራስ ኅሊና ጋር መፋረድ፣ እነዚህ ሁሉ ልጁን ብቻውን የሚያገኙት በዚያ ነው።

ይህንም በአንድ ነገር ላስረዳ። የሰፈሩ ልጆች የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ ውድድር አድርገው ነበር፤ የቄሱ ልጅም የአንደኛው ቡድን በረኛ ነበረ። ግቦቹ የቀርከሃ ዘንጎች፣ የግቡ መስመርም ከየቤቱ ምድጃ በመጣ አመድ የተሰመረ ነበር። በፍጻሜው ጨዋታ የእሱ ቡድን አንድ ለባዶ ሲመራ፣ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ ኳሷ በግርግር መካከል መጣችና ልጁ ዘልሎ ያዛት። ዳኛው በአቧራው ምክንያት በትክክል አላየም፤ ልጁ «አልገባችም» አለ፣ ጨዋታውም በዚያው ተፈጸመ። ማታ ለእራት ሲቀርብ እናቱ በሸሚዙ ሆድ ላይ ሰፊ የአመድ ምልክት አይተው፣ «ይህ ደግሞ ከምን?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። አባትየው ትንሽ ቆይተው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ኳሷን የጠረግህበት ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ኳሷ መስመሩን አልፋ አመዱን ይዛ ነበርና፣ ምስክሩን ከኳሷ ሲያጠፋ በልብሱ ላይ ጻፈው። አባቱ አልተቆጡም፣ ጥቅስም አልጠቀሱም። ልጁ ግን ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ፤ በነጋውም ገና ጀሪካኑን ሳያነሣ የተሸናፊው ቡድን አምበል ወደሆነው ወደ ጎረቤታችን የቤርታ ሽማግሌ ልጅ ሄዶ፣ «ገብታ ነበር» አለው።

ታዲያ እውነት ዋጋ ታስከፍላለችና፣ ጨዋታው እንዲደገም ተወሰነ። ዓርብ እንዳይሆን ጁምዓ ነው፤ ቅዳሜ እንዳይሆን ገበያ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ሜዳው ነፃ አልነበረም፤ የቀረው እሑድ ጧት ነበር። በመጀመሪያ የተናገርኋት ዝምታ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ለእውነት ሲል ድሉን መለሰ፤ እውነቱም ሰንበቱን ጠየቀችው።

አገራችን በሰንበት ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር በማለታቸው ተሰደዱ፤ እሳቸውም በአርመን አገር በስደት ዐረፉ። ነገሩ ከመቶ ዓመት ገደማ ክርክር በኋላ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1450 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ለአንዲት የዕረፍት ቀን አገርን ለቅቆ የሚሰደድ ሰው የነበረበት ሕዝብ፣ ልጆቹ «እሑድ ብንጫወት ምን አለበት» ሲሉት በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም፤ ሊያልፈውም አይገባውም። ሰንበት ሰው የሥራው ባሪያ እንዳልሆነ የሚመሰክር ቀን ነውና፣ የጨዋታውም ባሪያ እንዳይሆን ሊጠብቀው ይገባል።

በዚያች ማታ እኔ የማውቀውን የአንድ ሰው ታሪክ አወራሁላቸው። ኤሪክ ሊደል በ1894 ዓ.ም. በቻይና ቲየንጺን ከስኮትላንዳዊ ሚስዮናዊ ቤት የተወለደ፣ እንደዚህ ልጅ የአገልጋይ ልጅ የሆነ ሰው ነው። በ1916 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ዋና ውድድሩ የሆነው የመቶ ሜትር ማጣሪያ እሑድ ቀን በመዋሉ «በሰንበት አልሮጥም» ብሎ ተወው፤ በአራት መቶ ሜትር ግን ተወዳድሮ በ47.6 ሴኮንድ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በዓመቱም ክብሩን ትቶ ወደ ቻይና በሚስዮናዊነት ተመለሰ። ጃፓኖች በቻይና ላይ የከፈቱት ጦርነት ሲከብድ ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወደ ካናዳ ሰደደ፤ በዚያ የተወለደችውን ሦስተኛ ልጁን በዓይኑ ሳያያት፣ ጃፓኖች በዌይሺየን ባቋቋሙት የእስረኞች ሰፈር በየካቲት 1937 ዓ.ም. በአንጎል ዕጢ ሞተ።

ዓለም የሚያወራው የፓሪሱን ነው፤ እኔ ግን የዌይሺየኑ ይበልጥብኛል። በዚያ ሰፈር ከወላጆቻቸው የተለዩ ብዙ ልጆች ነበሩና ሊደል ጨዋታ ያጫውታቸው ነበር፤ በእሑድ ግን እንደ ልማዱ አይገባም። አንድ እሑድ ልጆቹ ያለ ዳኛ ተጫውተው ተደባደቡ። ከዚያ ወዲህ ያ ለወርቅ ሲል ሰንበትን ያልሻረ ሰው ለእነዚያ ልጆች ሰላም ሲል በእሑድ ወጥቶ ዳኘ። ለራሱ ክብር ያልከፈታትን በር ለሌሎች ምሕረት ከፈታት። ሰንበትን የሻራት አይመስለኝም፤ ያን ዕለት ወደ ፍጻሜዋ አደረሳት እላለሁ። ጌታችንም በሰንበት ሲፈውስ ጕድጓድ የገባ በግ በሰንበት አይወጣምን ብሎ የጠየቀው ይህንኑ ሊያስተምር ነው። እንግዲህ መለኪያው ቀኑ ብቻ አይደለም፤ በቀኑ ውስጥ የተፈለገው ማን ነው የሚለው ነው፤ ራስ ነው ወይስ ባልንጀራ?

ቄሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ወደ ልጃቸው ዞረው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ብከለክልህ ሰንበቱ የእኔ ይሆናል እንጂ የአንተ አይሆንም። ብፈቅድልህም ጨዋታው የእኔ ይሆናል። ሂድ ጸልይና ራስህ ምረጥ፤ የመረጥኸውን ግን በሙሉ ልብህ አድርገው።» እናትየው ምንም አልተናገሩም፤ ሸሚዙን ግን ያን ማታ አጥበው ከምድጃው አጠገብ ሰቀሉት። ለጸሎት ቤትም ለሜዳም የሚሆን ሌላ ሸሚዝ አልነበረውም።

በነጋው ልጁ ሸሚዙን ለብሶ በጸሎት ቤቱ የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አልፈካም፤ መሥዋዕት ሁሉ ወዲያው ደስታ ያመጣል የሚል ሰው መሥዋዕት ያላቀረበ ሰው ነው። ስብከቱ መካከል ሲደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ባይ፣ ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ሁለቱም ቡድኖች ተቀምጠዋል። የተቃራኒው ቡድን አምበል፣ ያ የቤርታው ልጅ፣ «እውነቱን የነገረን እሱ ነው፤ እሱ ሳይኖር አንጫወትም» ብሎ ሁሉንም ይዟቸው መጥቶ ኖሯል። ቄሱም አይተዋቸዋል፤ ግን ስብከቱን ለዚያ ብለው አላሳጠሩም፣ ልጆቹም አልተጣደፉም። ጨዋታው በቀትር ፀሐይ ተደረገ፤ ልጁም ሁለት ግብ ገብቶበት ቡድኑ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። ለሽልማት የተዘጋጀው እውነተኛ የቆዳ ኳስ ለነዚያ ሄደ።

በለንደን ኦሊምፒክ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. መሠረት ደፋር የአምስት ሺህ ሜትሩን ሩጫ አሸንፋ ከደረቷ የእመቤታችንን ሥዕል ስታወጣና ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ስታለቅስ ሁላችንም አይተናል። ሰው የሚያስታውሰው ሥዕሉ የወጣበትን ቅጽበት ነው፤ ሥዕሉ ግን አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ሙሉ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ባልታወቀበት ጊዜ ሁሉ፣ በደረቷ ነበረ። ብትሸነፍም እዚያው ይኖር ነበር። እምነት በቤትም እንዲሁ ናት፤ ለድል የምትወጣ ጌጥ ብቻ ሳትሆን ሲሮጡም ሲሸነፉም ከሸሚዝ በታች የምትኖር ናት። የቄሱ ልጅ ያን እሑድ ማታ እራቱን በልቶ እንደ ወትሮው ለጸሎት ተንበረከከ፤ የተሸነፈ ሆኖ ተንበረከከ፣ እኔም ከዚያ ቀን በፊት የእሱ ጸሎት የራሱ መሆኑን በእርግጥ አላውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስጊዱ አጥር አጠገብ አየሁት። ጓደኞቹ ለጁምዓ ሶላት ሲገቡ አዲሱን የቆዳ ኳስ የሚያምኑት ለእሱ ነበርና ሰጥተውት ገብተዋል። ከጫማዎቻቸው ረድፍ ፈንጠር ብሎ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሲመኘው የኖረውን ኳስ በሁለት ጉልበቶቹ መካከል ይዞታል። ብቻውን ነበር፣ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ የሚያየው ሰው አልነበረም፣ መሬቱም ደረቅና ለማንጠር የተመቸ ነበር። ሶላቱ እስኪያበቃ ድረስ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነጠረውም።